ክላሲክ መኪና ሲታደስ ከየት ይጀመር? ከፍሬን፣ ከሞተር፣ ከላሜራ ወይስ ሁሉን ፈቶ

ለዓመታት የቆመ አሮጌ መኪና ላይ ሥራው ሁሉ በአንድ ላይ ይጮኻል። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ወንበሩ ተተርትሯል፣ ሞተሩ አይነሳም፣ የፍሬኑ ፔዳል ሲረገጥ ወለል ይነካል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዓይኑን ከሳበው ነው። ዕድሳታቸው ግማሽ ላይ ቀርቶ ለሽያጭ የሚወጡ መኪናዎችም ይመሳሰላሉ፦ አንዱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሥሩ ወለሉ በስብሷል፤ የሌላው ሞተር ተሠርቶ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ አካሉን ግን ማንም አልነካውም።

እዚህ የሚነጻጸሩት አምስት መነሻዎች ናቸው፦ ከፍሬንና ከጎማ መጀመር፣ ከሞተር መጀመር፣ ከላሜራና ከዝገት መጀመር፣ መኪናውን እስከ መጨረሻው ብሎን መፍታት፣ እና ከቀለምና ከወንበር መጀመር። ስማቸው የሚነሳ መኪናዎች ለአሠራራቸው ምሳሌ ሆነው ነው እንጂ የትኛው ይሻላል ለማለት አይደለም።

መመዘኛዎቹ

ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ቅደም ተከተል። ዛሬ የተሠራውን ነገ የሚመጣው ሥራ ያበላሸዋል? የብየዳ ሙቀት በአካባቢው ያለውን ቀለም፣ ሽቦና ምንጣፍ ያቃጥላል። የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ ከተረጨ ውስጡ ገብቶ ይቀራል፤ ቢጠረግ አይለቅም። የተለመደው የፍሬን ዘይት ደግሞ ያረፈበትን ቀለም ይልጣል። ገንዘብ ሁለት ጊዜ የሚወጣው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

የሚገልጠው ነገር። ሥራው ገና በጅምሩ የመኪናውን እውነተኛ ሁኔታ ያሳያል? መጥፎ ዜና ካለ ብዙ ከመውጣቱ በፊት ቢሰማ ይሻላል። ከበሩ ሥር ባለው ደፍ ውስጥ የተደበቀ ብስባሽ የበጀቱን መልክ ሙሉ በሙሉ ሊቀይር ይችላል፤ የተቀደደ ወንበር ግን ምንም አይቀይርም።

ቢቋረጥስ። ሥራ የሚቆመው በገንዘብ እጥረት ብቻ አይደለም። ዕቃ ይጠፋል፣ ባለሙያ ይዘገያል፣ የኑሮ ሁኔታ ይለወጣል። በዚያ ቀን እጅ ላይ የሚቀረው የሚገፋና የሚቆም መኪና ነው ወይስ ካርቶን ሙሉ ብሎን?

የቀሩት ሦስቱ ደህንነት፣ የገንዘቡ አወጣጥ (በአንዴ ነው ወይስ በየወሩ ጥቂት በጥቂት) እና የሥራ ቦታ ናቸው። የተፈታ መኪና ከተገጠመው ቢያንስ ሁለት እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ይህን ቀድሞ ያልለካ ሰው ፓራፋንጎውን አልጋ ሥር ሲያስቀምጥ ይገኛል።

ከምርጫው በፊት ግማሽ ቀን ፍተሻ

ያለዚህ ፍተሻ የትኛውም ምርጫ ግምት ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ቀለም እንዳይቧጭር በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ክሪክና ጠንካራ የብረት መቆሚያ ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አይገባም፤ መቆሚያው ሳይደገፍ እጅም አይሰደድም።

መጀመሪያ ቁጥሩ። በሻንሲው (አካሉ የሚቀመጥበት የብረት መሠረት) ወይም በአካሉ ላይ የተመታው ቁጥር ከሰነዱ ጋር መግጠሙን አንድም ብሎን ከመገዛቱ በፊት ያረጋግጡ። ቁጥሩ ያለበትን ቦታ ፎቶ አንስተው ምልክት ያድርጉበት። ዝገት ሲጠረግ በግራይንደር የጠፋ ቁጥር መኪናውን በሰነድ እንደሌለ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ሸክሙን የሚሸከመው ምን እንደሆነ ይለዩ። እንደ አሮጌዎቹ ላንድ ሮቨሮችና እንደ ላንድ ክሩዘር ኤፍጄ40 ያሉት የተለየ የብረት ሻንሲ አላቸው፤ አካሉ በብሎን ከላይ ይቀመጣል። በሚኒ፣ በፊያት 600 እና በፔጆ 404 አካሉ ራሱ ሸክም ተሸካሚ ነው፤ የጎን ደፉ ከበሰበሰ መኪናው መሃሉ ላይ ይጎብጣል። ፎልክስዋገን ቢትል በሁለቱ መካከል ነው። ወለሉ በብሎን ከአካሉ ይለያል፣ ነገር ግን በሁለቱ ጎን ሞቃት አየር የሚያልፍባቸው ደፎች የአካሉ ጥንካሬ ዋና ምሰሶ ናቸው፣ ቶሎ የሚዝጉትም እነሱ ናቸው። ላንድ ሮቨር ደግሞ ያታልላል። የውጭ ላሜራው በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ከላይ ጤነኛ ይመስላል፤ ከሥር ያለው የብረት ሻንሲና ከሞተሩ ጀርባ ያለው የብረት ግድግዳ ግን ሊበሰብስ ይችላል።

በካቻቢቴው ጫፍ የሚፈተሹት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ የወለሉ ማዕዘኖች፣ ባሌስትራና አሞርዛተር የሚታሰሩባቸው ቦታዎች፣ ባትሪ የሚቀመጥበት ሥር (አሲድ ይበላዋል፤ በቢትል ከኋላ ወንበር ሥር ነው)፣ የፊት መስታወት ጎሚኒ ሥር። ጤነኛ ብረት ጫፉን ይመልሳል፤ የበሰበሰው እንደ ኩኪስ ይፈረከሳል። ላሜራው አሉሚኒየም ካልሆነ፣ ማግኔቱ የማይዝባቸው ቦታዎች ብረት የሚመስሉ ስቱኮ (ጉድለት የሚሞላበት ልስን) ናቸው። በቀለሙ ላይ የጥፍር ያህል ጉብታ ከታየ ከሥሩ የእጅ መዳፍ ያህል ዝገት ይጠብቁ።

አካላቸው ሸክም ተሸካሚ ለሆኑት አንድ ቀላል ፈተና አለ። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ በበሩና በአካሉ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከዚያ በፋብሪካው የማንሻ ነጥብ አንዱን ጎን በክሪክ ያንሱና እንደገና ይለኩ። ክፍተቱ በጉልህ ከተለወጠ ወይም በሩ አልዘጋም ካለ አካሉ ጥንካሬውን አጥቷል። የማንሻው ነጥብ ራሱ ከተሰረጎደ መለካትም አያስፈልግም።

በመጨረሻ ሞተሩ በእጅ ይዞራል? ካንዴላዎቹን ይንቀሉ፣ ካምቢዮውን ባዶ ያድርጉ፣ በክራንኩ ፑሌጃ ብሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አስገብተው ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብለው ይግፉ። ከዞረ መልካም። ካልዞረ በሞተሪኖ አያስገድዱት፤ የተጣበቀ የፒስተን ፋሻ ይሰበራል፣ የተጣበቀ ቫልቭ ይታጠፋል።

የጎደሉ ዕቃዎችንም ይዘርዝሩ። የፍሬንና የሞተር ዕቃ ለብዙ ታዋቂ ሞዴሎች ዛሬም ይመረታል፤ አስቸጋሪዎቹ መስታወት፣ የመብራት ክዳን፣ የኒኬል ጌጥና የበር እጀታ ናቸው። እነሱ የጎደሉበት መኪና በርካሽ ቢገኝም ርካሽ አይደለም።

መነሻ አንድ፦ ፍሬን፣ ጎማና ነዳጅ

ይህ መኪናውን ሳይበትኑ፣ ለመንዳት ብቁ እያደረጉ ቀስ በቀስ የማደስ መንገድ ነው። አካሉ ጤነኛ ለሆነና ሞተሩ ለሚዞር መኪና ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ መመዘኛው ወደ 155 ይወርዳል። በቆመ መኪና ውስጥ ያ ውሃ ዋናውን ፖምፓና በየጎማው ያሉትን ትንንሽ ፖምፓዎች ከውስጥ ያዝጋል። ፒስተኑ የሚንሸራተትበት ግድግዳ ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ ጎሚኒ መቀየር ለጥቂት ሳምንት ብቻ ያቆየዋል፤ ፖምፓው ራሱ ይቀየር።

ብዙ ሰው የሚዘላቸው የፍሬኑን የጎሚኒ ቱቦዎች ነው። ከውጭ ደህና የሚመስል አሮጌ ቱቦ ከውስጥ አብጦ መተላለፊያውን ይዘጋል። ሲረገጥ ዘይቱ በግፊት ያልፋል፣ ሲለቀቅ ግን አይመለስም፤ አንዱ ጎማ ይዞ ይቀራል፣ ይሞቃል። ስለዚህ ሁሉም ቱቦ ይቀየራል። የብረት ቱቦዎቹ ዝገት ካላቸው በመዳብና በኒኬል ቅይጥ ቢተኩ አይዝጉም፣ በእጅም ይታጠፋሉ። አየር ሲወጣ በአብዛኛው ከዋናው ፖምፓ በጣም ከራቀው ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ይኬዳል፤ ለሙሉ እጥበት 1 ሊትር ያህል አዲስ ዘይት ይበቃል። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከዶት 3 ወይም 4 ጋር አይቀላቀልም።

በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። ታምቡሩ ሲከፈት አቧራውን በኮምፕሬሰር መንፋት ለሳንባ መርዝ መበተን ነው፤ በውሃ አርጥቦ በጨርቅ መጥረግና ጨርቁን በላስቲክ አስሮ መጣል ይገባል።

የጎማው ዕድሜ በጎኑ ባለው ኮድ ይነበባል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠሩት በአራት አሃዝ ያልቃሉ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ያለው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይወገዳል። ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማም መንገድ ላይ መውጣት የለበትም።

ነዳጁን አፍስሰው ታንኩን በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይቀየራል፣ የካርቡራተርን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ የድሮ ጎሚኒ ቱቦዎችን ያላላል፤ ለኤታኖል የተሠሩ ቱቦዎች ይግጠሙ። በቢትል ይህ የግድ ነው፤ ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ቱቦ ከስፒንትሮጀኖው (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው) አጠገብ ስለሚያልፍ ሞተሩ በእሳት ሊያያዝ ይችላል።

የዚህ መነሻ ድክመት አንድ ነው። መኪናው ሲነዳ ደስ ስለሚል ዝገቱ ይረሳል። ፍተሻው ደፉ ወይም የባሌስትራው ማሰሪያ መበስበሱን ካሳየ ይህ መንገድ አይመረጥም፤ ጥሩ ፍሬን ያለው የሚጎብጥ መኪና አደገኛ ነው።

መነሻ ሁለት፦ ሞተር

በሞተር የሚጀምሩት ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹም ሳያስፈልግ ያወርዱታል። ከመፍታት በፊት መለካት ይቅደም። አልነሳ ያለ ሞተር ችግሩ ብዙ ጊዜ የተደፈነ ካርቡራተር፣ ዝገት የያዘ ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መክፈቻና መዝጊያ) ወይም የደረቀ የነዳጅ ፖምፓ ነው። ፑንቲናው ተጠርጎ ክፍተቱ በመመሪያው ልክ ከተስተካከለ (በብዙ አሮጌ ሞተሮች 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው)፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ከተደረገ፣ ካንዴላ ሳይገጠም በሞተሪኖ ዞሮ የዘይት ግፊት ከታየ በኋላ ነው ለማስነሳት የሚሞከረው።

አልዞርም ላለው ሞተር ትዕግሥት ነው መድኃኒቱ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል ቀላቅሎ በየካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ማፍሰስ፣ ለብዙ ቀናት መተው፣ ከዚያ በፑሌጃው ወደፊትና ወደኋላ ትንሽ በትንሽ ማወዛወዝ። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳትና ሲጋራ ይራቁ። ሲለቅ ካንዴላ ከመገጠሙ በፊት ፈሳሹ በሙሉ ተገፍቶ ይውጣ፤ ካልወጣ ፒስተኑ ፈሳሽ መጭመቅ ስለማይችል የፒስተኑ ክንድ ይታጠፋል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚጨመቀውን ግፊት) ይለኩ፦ ሞቆ፣ ሁሉም ካንዴላ ተነቅሎ፣ እሳቱ ተቋርጦ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለተሠሩ ብዙ ሞተሮች ከ100 እስከ 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ጤነኛ ነው። ከከፍታው ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግር አለ። በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሲለኩ ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻ ነው፤ ካልተለወጠ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ሞተሩ በእርግጥ መሠራት ካለበት ጊዜው ወሳኝ ነው። ተሠርቶ ለሁለት ዓመት አካሉን የሚጠብቅ ሞተር ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ እርጥበት ይበላዋል፤ የሠራው ቤት የሰጠው ዋስትናም ሳይነሳ ያልፋል። በጠፍጣፋ ታፔት የሚሠራ አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች በ2,000 እና በ2,500 ዙር መካከል መሮጥ አለበት፤ ዝግ ብሎ እንዲንቀጠቀጥ ከተተወ ጥርሱ ያልቃል። ስለዚህ ራዲያተር፣ ነዳጅና ማርሚታ ተዘጋጅተው በሚጠብቁት መኪና ውስጥ ቢነሳ ይመረጣል።

ቴስታታው ሲከፈት የቫልቭ መቀመጫዎቹ ይጠየቁ። እርሳስ ላለው ቤንዚን የተሠሩ የለስላሳ ብረት መቀመጫዎች በሌለው ቤንዚን ረጅም ፈጣን ጉዞ ሲደረግባቸው ይበላሉ። በቶርኖ ቤት ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት የሚረክሰው ቴስታታው በወረደበት ቀን ነው።

ከሞተር መጀመር በመመዘኛዎቹ ሲታይ መሃል ላይ ይወድቃል፦ ስለ አካሉ ምንም አይነግርም፣ ገንዘቡ በአንዴ ይወጣል፣ ቢቋረጥ ግን ሞተሩ ብቻውን ዋጋ አለው። መለኪያው ወዲያው ይሠራ፤ ሥራው ይዘግይ።

መነሻ ሦስት፦ ላሜራና ዝገት

ፍተሻው መዋቅራዊ ብስባሽ ካገኘ ክርክር የለም፤ የሚጀመረው ከዚህ ነው። ብየዳ ከሁሉ በላይ ሌሎች ሥራዎችን የሚያበላሽ ሥራ ስለሆነ ከሁሉም ይቀድማል።

ከብየዳ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ የነዳጅ ታንኩ ሙሉ በሙሉ ከመኪናው ይውጣ። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። ምንጣፍና የድምፅ መከላከያ ከብየዳው ቦታ ይነሳ። ብረቱን ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ ካጠቡ በኋላ መበየድ ፎስጂን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይፈጥራል፤ ክሎሪን በሌለው ብቻ ያጽዱ። በዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድም ጭሱ ያሳምማል፣ ልባጡ ቀድሞ ይፋቅ።

ደፍ ሲቀየር ትልቁ ስህተት ሁለቱን ጎን በአንዴ መቁረጥ ነው። መኪናው ክብደቱ በጎማዎቹ መታሰሪያ አካባቢ ተደግፎ ይቁም፤ በበሩ ክፍት ቦታ ውስጥ የብረት ቱቦ በሰያፍ ይበየድ፤ የበሩ ማዕዘናት ከጥግ እስከ ጥግ ተለክተው ይጻፉ። ከዚያ አንዱ ጎን ተቆርጦ፣ ተበይዶ፣ በሩ ተገጥሞ ክፍተቱ ከታየ በኋላ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። በሩ ሳይሰቀል የተበየደ ደፍ ከዚያ በኋላ በሩን አይቀበልም።

ለ0.8 ወይም 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ የሚግ ብየዳ (ሽቦው በማሽን እየተገፋ የሚበየድበት) በ0.6 ወይም በ0.8 ሽቦ ይስማማል። ቀጥ ያለ ረጅም መስመር ላሜራውን ያጣምመዋል። አጫጭር ነጥቦችን አራርቆ ማስቀመጥ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ በመካከላቸው ሌላ ነጥብ መጨመር፣ ቦታ እየቀያየሩ መሙላት ነው ብልሃቱ። የበሰበሰው እስከ ነጣው ጤነኛ ብረት ድረስ ይቆረጥ። በብስባሽ ላይ የተለጠፈ ላሜራ ዝገቱን አያስቆመውም፤ ውሃ አቁሮ ያፋጥነዋል።

የውጭው ገጽ በመዶሻና በመደገፊያ ብረት በተቻለ መጠን ይቅና፤ ስቱኮ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል። በደፍና በበር ውስጥ የሚረጨው ፀረ ዝገት ሰም የሚገባው ቀለም ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ በመገጣጠሚያው እየወጣ ቀለሙ እንዳይዝ ያደርጋል።

የአሮጌ ቀለም አቧራ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ያለ ማስክ አይፋቅ።

ይህ መነሻ ብዙ ይገልጣል፤ አንዳንዴ ከሚፈለገው በላይ። ዋጋውን አስቀድሞ መቁረጥ አይቻልም፤ የተከፈተ ደፍ ውስጥ ሌላ ደፍ አለ። ከጠቅላላው በጀት ቢያንስ ሲሶው ሳይነካ ይቀመጥ።

መነሻ አራት፦ ሁሉን መፍታት

ውጤቱ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ፍጻሜውን የሚያየው ግን ከሁሉ ጥቂቱ ነው። አካሉ ባዶ ቀርቶ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲታደስ አንድ ሰው ከ1,000 ሰዓት በላይ ሊፈጅበት ይችላል። በሳምንት 10 ሰዓት የሚሠራ ሰው ይህን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈልጋል፤ ያውም ዕቃ ካልዘገየ።

በደህና የሚነዳ መኪና ይዞ ይህን መንገድ መምረጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የሚገባው አካሉ ከሻንሲው ካልተለየ ሊደረስበት የማይችል ዝገት ላለው፣ ወይም ተለይቶ የሚታወቅ ብርቅ መኪና ሆኖ በዚያ ደረጃ መታደሱ ዋጋውን ለሚያወጣ ነው። መኪናው ቀድሞውኑ ተፈትቶ ከተገዛ ደግሞ ምርጫም የለም፤ መጀመሪያ ግን ክፍሎቹን ዘርግቶ መቁጠርና የጎደለውን መጻፍ ይገባል።

ከተመረጠ ሥርዓቱ ይጠበቅ። ከመፈታቱ በፊት እያንዳንዱ ቦታ በሁለት አቅጣጫ ፎቶ ይነሳ፣ ሜትር በአጠገቡ ሆኖ። ብሎን ሁሉ ባለ ማኅተም ላስቲክ ውስጥ ይግባ፤ በላዩ ላይ «ብሎን» ተብሎ ሳይሆን «የግራ በር፣ የላይኛው ማጠፊያ፣ 3 ብሎን፣ 1 ውፍረት ማስተካከያ» ተብሎ ይጻፍ። የሚቻለው ሁሉ በወጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይታሰር። አሮጌው ዕቃ አዲሱ ተገጥሞ እስኪሠራ አይጣል፤ ለአዲሱ መለኪያው እሱ ነው። በሮቹ የወረዱበት አካል ሸክም ተሸካሚ ከሆነ ሳይጠናከር አይነሳ፣ አይገልበጥ።

ኒኬልና ክሮም የሚለበጡ ዕቃዎች በመጀመሪያው ሳምንት ይላኩ። ከመዳብ እስከ ክሮም ባለው ሂደት ረጅም ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነው።

መነሻ አምስት፦ ቀለምና ወንበር

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ ጋሪው ፈረሱን ቀድሟል። ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ከተሠራ ብየዳውም የሞተር ማንሻውም የፍሬን ዘይቱም ይጨርሱታል። ስለ መኪናው የሚገልጠው ነገር የለም፤ እንዲያውም ይደብቃል። የሚፈቀደው አንድ ሁኔታ አለ፦ አካሉ፣ ሜካኒኩና ሽቦው በፍተሻ ጤነኛ ሆኖ የቀረው እርጅና ላይ ላዩን ብቻ ሲሆን።

ኤሌክትሪክ ለብቻው መነሻ አይሆንም፤ ለሁለት ይከፈላል። የእሳት መከላከያው ከመጀመሪያው ቀን ይገባል፦ የባትሪ ማቋረጫ ማብሪያ ማጥፊያና የተሰነጠቀ ሽቦ መቀየር። ሙሉ የሽቦ ለውጡ ከቀለም በኋላ ይመጣል። ባትሪ ከመገጠሙ በፊት ሁለት ነገር ይረጋገጥ። አንዳንድ መኪናዎች፣ ቢትልም እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ፣ ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪናዎች ደግሞ ከአካሉ ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በተገላቢጦሽ ከተገጠመ አዲስ ሬዲዮና ኤሌክትሮኒክስ በቅጽበት ይቃጠላል።

ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| መነሻ | ስለ መኪናው የሚገልጠው | በኋላ የመበላሸት ዕድል | የገንዘቡ አወጣጥ | ቦታ | ቢቋረጥ የሚቀረው |
|---|---|---|---|---|---|
| ፍሬን፣ ጎማ፣ ነዳጅ | መካከለኛ | ትንሽ | ጥቂት በጥቂት | ለአንድ መኪና | የሚንቀሳቀስና የሚቆም መኪና |
| ሞተር | ሞተሩን ብቻ | መካከለኛ፣ ሲቆም ይዝጋል | በአንዴ | መኪናውና የሥራ ጠረጴዛ | ዋጋ ያለው ሞተር |
| ላሜራና ዝገት | ከሁሉ የበለጠ | የለም ማለት ይቻላል | ቀድሞ የማይታወቅ | መኪናውና ዙሪያው | ጤነኛ አካል |
| ሁሉን መፍታት | ሁሉንም | ትንሽ | ብዙ፣ ለዓመታት | ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ | በካርቶን ያለ ዕቃ |
| ቀለምና ወንበር | ምንም | ከፍተኛ | በአንዴ | ለአንድ መኪና | የሚያምር፣ የማይታመን መኪና |

ለማን የቱ?

በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ያለው፣ መኪናው የሚዞር ሞተርና ጤነኛ ደፍ ያለው ሰው ከፍሬን ይጀምር። የመጀመሪያው ወር ፍሬን፣ ሁለተኛው ነዳጅና ማቀዝቀዣ፣ ከዚያ ጎማ፤ ጎማው እስኪቀየር ከግቢ አይውጣ። ከዚያ በየጉዞው የሚታየው ብልሽት ቀጣዩን ሥራ ይነግራል።

መዋቅሩ የበሰበሰ መኪና ያለው፣ መበየድ የማይችል ሰው የመጀመሪያ ወጪው የላሜራ ባለሙያ ግምት መሆን አለበት፤ ያ ግምት ከመምጣቱ በፊት ለሞተርም ለጎማም አይውጣ። ግምቱ በጣም ከከበደ ሌላ ጤነኛ አካል ያለው ተመሳሳይ መኪና ገዝቶ ይህን ለመለዋወጫ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ክሮምና ቀለም በርካሽ ስለማይገኙ ውጫዊ ገጹ የተሟላ፣ ሞተሩ ግን የሞተ መኪና ከተቃራኒው ይሻላል።

መበየድ መማር የፈለገ በራሱ መኪና ደፍ ላይ አይለማመድ። ተመሳሳይ ውፍረት ባለው ትርፍ ላሜራ ላይ ይለማመድ፤ የተበየደውን በሞርሳና በመዶሻ ሲያጣምም ብረቱ ከብየዳው ቀድሞ የሚቀደድ ከሆነ ዝግጁ ነው።

ሞተሩ አልዞርም ያለ፣ አካሉ ግን ጤነኛ የሆነ መኪና ያለው ሰው የዘይቱንና የአሴቶኑን ድብልቅ በሲሊንደሮቹ ውስጥ አፍስሶ ፍሬኑን መሥራት ይጀምር። የሞተሩ መልቀቅ ቀናት ስለሚፈልግ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ሰፊ ቦታ፣ ተከታታይ በጀትና ብርቅ መኪና ያለው ሰው ሁሉን መፍታት ይችላል፤ ከመፈታቱ በፊት ግን መኪናው ከተነሳ ጥቂት ይነዳ። የካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ መንሸራተት፣ የዲፈረንሻሉ ጩኸት፣ የመሪው ልልነት የሚታወቁት ሲነዳ ብቻ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል።

ከየትም ቢጀመር የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች አይለወጡም። ከቀለም በፊት በሮች፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ በሙሉ ለሙከራ ተገጥመው ክፍተታቸው ይስተካከል፤ ከዚያ ተፈትተው ይቀቡ። ከቀለም በኋላ ሽቦ ይዘረጋል፣ ከሽቦ በኋላ የጣሪያው ጨርቅ ይገባል፣ ከዚያ የፊትና የኋላ መስታወት። ይህ ቅደም ተከተል የሚገለበጥ አይደለም፤ በብዙ አሮጌ መኪናዎች የጣሪያው ጨርቅ ጫፍ ተጠቅልሎ የሚያዘው በመስታወቱ ጎሚኒ ሥር ነው።